አንድ ቤት፣ አንድ ፈቃድ

እህቴ ጤናዬ እህል በረንዳ፣ በአንድ የጅምላ እህል ነጋዴ ቢሮ የመጋዘን መዝገብ ያዥ ነበረች። የገባውንና የወጣውን እህል መዝግባ ከያንዳንዱ መስመር ጎን ትፈርማለች። ስትሳሳት አትፍቅም፤ በአንድ መስመር ሰርዛ እዚያው ትፈርማለች። ከዚህ በታች ያለውን የሰማሁት ከራሷና የቢሮውን ኔትወርክ ከዘረጋው ከይመር ነው። ያልነገሩኝን አልጨመርኩም።

ይመር የተጠራው ነጋዴው ጋሼ ካሳ ወረቀት ሲሰለቻቸው ነው። ያቀረበው ዕቅድ ቀላል ነበር፤ መዝገቡን ሁሉ የሚይዝ አንድ ዋና ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨር፣ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ የመረጃ ቅጂ፣ ለአምስቱ ሠራተኞች በየስማቸው መግቢያ፣ ለያንዳንዱ ስም ደግሞ ላይሰንስ።

"ላይሰንስ ምንድን ነው?" አሉ ጋሼ ካሳ።

"ፈቃድ ነው፣ ጋሼ። በሰርቨሩ የመጠቀም ፈቃድ።"

"ፈቃድማ አለኝ።" በመስታወት ተከቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ አሳዩት። "በየዓመቱ አሳድሳለሁ።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ይመርም አብሮ ሳቀና ይህኛው ፈቃድ በሰው ቁጥር እንደሚወጣ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

"አንድ ቤት ስንት ፈቃድ ያወጣል? በእኔ ስም አንድ አውጣ፤ ሁሉም በእሱ ይግባ።"

"አይፈቀድም፣ ጋሼ። ደግሞም ማን ምን እንደሠራ አይለይም።"

"ምን ሊሠሩ ነው? ልጆቼ ናቸው።"

ጤናዬ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። "ታዲያ እኔ የት ነው የምፈርመው?"

"አንቺ ደግሞ፣ ፊርማ አግብተሽ ነው እንዴ የምትኖሪው?" አላት የሽያጭ ሠራተኛው ብሥራት። እንደገና ተሳቀ።

ይመር ተከራክሮ ሲያቅተው "ካሳ" የሚል አንድ ስም ከፈተ። የይለፍ ቃሉን አንዱ በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ክረምቱ እንዳለፈ ጤናዬ ራሷ ያስገባችው የጤፍ ገቢ በሠላሳ ኩንታል ቀንሶ አገኘችው። ጤፉ መጋዘን ውስጥ የለም። ወዲያው ሄዳ ለጋሼ ካሳ ነገረች።

ይመር ተጠርቶ ሰርቨሩን አየ። ቁጥሩን የቀየረው "ካሳ" ነው ይላል። ኮምፒውተሮቹም ያገኘ ሁሉ የሚቀመጥባቸው ስለነበሩ ከዚያ በላይ ማንነቱን መለየት አልቻለም።

"እኔ ኮምፒውተር ማብራት እንኳ አልችልም" አሉ ጋሼ ካሳ። ማንም አልሳቀም።

የመጋዘን ቁጥር የጤናዬ ሥራ ነው። ሌባ ያላት የለም። ጋሼ ካሳ "ለጊዜው ቤትሽ አረፍ በዪ" ብቻ አሏት። እህል በረንዳ ውስጥ እንዲህ የተባለ ሰው ምን እንደተባለ ሁሉም ያውቃል። ሥራ የጠየቀቻቸው ሌሎች ነጋዴዎች ወንበር ስበው እያስቀመጡ፣ ሻይ እያዘዙ፣ "እንደውልልሻለን" ብለው ሸኟት።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ካሳ አምስቱንም ላይሰንስ ገዙ። ይመር ስሞቹን ሲከፍት በጤናዬ ወንበር ሌላ ሴት ተቀምጣ ነበር።

ጤናዬ ይህን ስትሰማ አብነት ሰፈር ወዳለው የይመር ሱቅ ሄደች።

"አሁን በየስማቸው ከሆነ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይለይም?"

"ወደ ኋላ አይሄድም፣ እትዬ ጤናዬ። ስሙ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ነው የሚመዘግበው።"

"ያን ጊዜ ስሜ ኖሮ ቢሆንስ?"

"እርስዎ እንዳልነኩት ያሳይ ነበር።"

"ይህንኑ ለእሳቸው ንገርልኝ።"

"ነግሬያቸዋለሁ። ያለፈው አልፏል አሉኝ።"

"ለእሳቸው አልፏል" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ከተክለ ሃይማኖት ቤታችን ስትወጣ እህል በረንዳን ዞራ ነበር የምታልፈው። ደም ግፊቷ በረታባት። ባለፈው ጥር ቀበርናት።

ጋሼ ካሳ ለቅሶ መጡ፤ ብሥራትም አብሯቸው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ዙሪያቸው ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ "እንደ ጤናዬ ያለ ታማኝ ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም" አሉ።

"እንደውልልሻለን" ያሏት ነጋዴዎች እዚያው አግዳሚው ላይ ነበሩ። "እውነት ነው፤ እውነት ነው" አሉ።