ሁለት ጊዜ የተጠራው ስም

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ እዚሁ ስቶክሆልም ነው። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን ግን አንድ ቦታ ተቀምጬ የሰው ስም ሲጠራ ከሰማሁ ፊቴ ይግላል።

ለሕክምና ትምህርት አመልክቼ ተጠባባቂ ሆኜ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ከፊቴ ያሉት አንድ በአንድ እየገቡ ወረፋው እኔ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ቆመ። ስደውል የመግቢያ ጽሕፈት ቤቷ ሴትዮ፣ “ትምህርት ሲጀመር ኡፕሮፕ ላይ ተገኝ” አለችኝ። ኡፕሮፕ የሚሉት የመጀመሪያውን ቀን የስም ጥሪ ነው። ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

እኔ ያኔ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምሞክር፣ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንልኝ ልጅ ነበርኩ። ሐኪም መሆኔን ከእኔ ይልቅ እናቴ ትፈልገው ነበር። አገር ቤት ጤና ረዳት ነበረች። እዚህ የሚቀበላት ስላጣች ሮግስቬድ ከሚገኝ መጦሪያ አዛውንት ታጥባለች።

“ሐኪም ሆነህም ግጥምህን ትጽፋለህ” ትለኛለች። “ገጣሚ ሆነህ ግን ማን መርፌ ውጋኝ ይልሃል?”

ፋርስታ በምንሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያን የጾም ጸሎት ተያዘልኝ። ጋሽ ታደለ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ “ጌታ ሆይ፣ ከገቡት መካከል አንዱን አንሳልን” ብለው ጸለዩ። ጉባኤው “አሜን” አለ። እኔም አልኩ። አንዱ ማን እንደሆነ፣ ተነስቶስ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም።

በጥሪው ቀን እናቴ ብቻህን አትሄድም አለች።

“እማዬ፣ እዚያ እናቱን ይዞ የሚመጣ የለም።”

“የነሱ እናቶች መች ጾሙ?”

ለሠርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሳ ወጣች። ባቡር ውስጥ አሠራሩን አስረዳኋት። “ስም ተጠርቶ ዝም ከተባለ፣ ያ ቦታ የእኔ ነው” አልኳት። ይህን ባልነግራት ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኋላ፣ መተላለፊያው ዳር ሁለት ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰውዬ መጥራት ጀመሩ። አንዱ ሲጠራ “አለሁ” ይላል፤ ሌላው ይቀጥላል። ፀሐይ ያቀላውን የተማሪዎቹን ማጅራት ከኋላ እያየሁ ማንኛው ነው የሚቀረው እላለሁ። እናቴ ስዊድንኛው ብዙም አይገባትም። የምታዳምጠው ዝምታውን ነበር።

ከዚያ አንድ የሴት ስም ተጠራ። መልስ የለም። ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው ደገሙት። አሁንም ዝም።

ተነስቼ ቆምኩ። ልነሳ ብዬ አይደለም፤ ጉልበቴ ራሱ ነው የተነሳው። እናቴ ደግሞ እልልታዋን አቀለጠችው።

ስዊድኖቹ ሁሉ ዞሩ። እልልታው ሳያባራ በአጠገባችን ያለው በር ተከፈተና አንዲት ልጅ ገባች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ የብስክሌት ቆቧ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንደኛው የሱሪዋ እግር ካልሲዋ ውስጥ እንደተወተፈ ነው። እያለከለከች “አለሁ፣ አለሁ” አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ቀጥሎ አጨበጨበ። ልጅቷ እልልታው ለእሷ አቀባበል የተደረገ መሰላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለእናቴ አጎነበሰች። ከዚያ እኔን፣ ከባዶ ወንበር አጠገብ የቆምኩትን አየች። ወንበሬን የለቀቅኩላት መስሏት “ታክ” ብላ አመሰገነችኝና ተቀመጠችበት።

ወደ ግድግዳው ሄጄ ቆምኩ።

እናቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ልጅቷን አየች። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ “ግራቲስ፣ ግራቲስ”፣ እንኳን ደስ አለሽ እያለች የልጅቷን ጉንጭ ግራና ቀኝ ሳመቻት። የቀሩት ሁሉ “አለሁ” አሉ። ጥሪው አለቀ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ አላስቻለኝም።

“እልል ያልሽውስ እሺ፣ አልፎ መሳም ምን ይሉታል?”

“እልልታው ከአፌ ወጥቷል። ልጅቷ ደግሞ የኔ ነው ብላ ተቀብላዋለች” አለች በመስኮቱ እያየች። “ከእጇ ልንጠቃት?”

እሑድ ጋሽ ታደለ በጉባኤው ፊት፣ “እህታችን፣ ጌታ ምን አደረገ?” ብለው ጠየቋት። ምነው ዛሬ በቀረን ብዬ ራሴን ደፋሁ። እናቴ ተነሳች።

“አንሳልን ያልነው ሰው አንዲት ፍሬ ልጅ ናት። በብስክሌት ስትበር መጥታ ደረሰች። መኪና ሳይገጫት፣ በደህና” አለች። “ጌታ ይመስገን።”

“አሜን” የሚለው ሰው ቶሎ አልተገኘም።

ደግሜ አላመለከትኩም። አሁን አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ ግጥሙም አልለቀቀኝም። ስለዚያ ቀን ግን አንድ መስመር እንኳ አልወጣልኝም። ሰዎች ነገሩን ስነግራቸው በእናቴ እልልታ አፍሬ የምኖር ይመስላቸዋል። በእሱስ ዛሬ እስቃለሁ።

እናቴ ማታ ማታ ስትጸልይ ልጅቷንም ትጨምራታለች። ስሟን ስለማታውቅ “ያቺን ባለ ብስክሌት” ነው የምትለው። እኔ ስሟን አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንዳትመልስ እየለመንኩ። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።