ስም የማይጠራበት ሽልማት

የመርሳው ሬዲዮ ጠጋኝ ፈንታው በየስብሰባው ሲያጨበጭብ መዳፉ የሻከረ፣ በቀረው ማንንም የማይነካ ሰው ነበር። አንድ ቁጣ ብቻ ነበረችው። የቀበሌው የኪነት ቡድን አብዮቱን ሊያወድስ መድረክ በወጣ ቁጥር «ወሎ የግጥም አገር ሆኖ ይኼን ይስማ?» እያለ ይንገበገባል። ሲንገበገብ ከርሞ፣ በራሴ ወጪ የግጥም ሽልማት አቋቁማለሁ ብሎ ተነሣ። ተው የሚል ዘመድ አልነበረውም።

ደንቡን ራሱ አወጣ። ተወዳዳሪ ሁሉ ከሱቁ ጓዳ ገብቶ ግጥሙን በቴፕ ይቀዳል፤ ስሙን አይናገርም፤ ከዳኞቹ በቀር ማንም አይሰማውም። ዳኞቹ ለቅሶ ቤት ድንጋይ የሚያስለቅሱት እማማ ወርቅነሽና በመንዙማቸው እስከ ወልድያ የታወቁት ሼህ አብዱልሐሊም ናቸው። ሽልማቱ ፈንታው ከተጣሉ ዕቃዎች ገጣጥሞ የሠራው ሬዲዮ ነው። በገበያ ቀን ከየቀዬው የመጣ ሁሉ ጓዳ እየገባ የልቡን ተናገረ። ፈንታው እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

በርበሬ ነጋዴዋ ዘይነባም ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ስበው ገቡ። ልጃቸው አማን ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ጠፍቶ፣ አሰብ ወርዷል ተብሎ ይወራ ነበር።

«ስም አይጠራም ብለሃል አይደል?»

«አይጠራም፣ እትየ።»

ፈንታው ማሽኑን ከፍቶላቸው ወጣ። ያሉትን የሰማው ከዳኞቹ ጋር ነው።

*ከዝንጀሮ መንጋ የተጎዳኘው ልጅ፣*
*ቆሎ ይበቃዋል፣ እሳት አይንደድ እንጅ።*

ግጥሙ ረጅም ነበር። ሲያልቅ እማማ ወርቅነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔ የለቅሶ ሰው ነኝ። ይኼ ለሞተ የተገጠመ አይደለም፤ የሞተ ሰው ቆሎ አይበላም። ልጁ እዚሁ ከዝንጀሮው ገደል፣ ዋሻ ውስጥ ነው።»

«በልጣለች፣ አላህ ይጠብቅላት» አሉ ሼሁ። «ግን ፈንታው፣ ስሟን ብትደብቅ ድምጧን የት ታደርሰዋለህ? በመርሳ ሰው በሳሉ ይታወቃል።»

ይኼ ለፈንታው አልታየውም ነበር። ያን ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደሳለኝ ሱቁ ድረስ መጣ። ቢከለክለው ይሻል ነበር፤ አመሰገነው እንጂ።

«መልካም አስበሃል፣ ጓድ ፈንታው። ሆኖም ሽልማት ያለ ድርጅት አይሆንም። ነገ ጠዋት ካሴቱን ይዘህ ና፣ ኮሚቴው ይሰማዋል። አሸናፊውን በአብዮት በዓል በድምፅ ማጉያ እናሰማለን።»

ሁሉም የተቀዳው በአንድ ካሴት ላይ ነበር። አልሰጥም ቢል ፍተሻ ነው፤ ጠፋ ቢል እስር ቤት ነው፤ የዘይነባን አጥፍቶ ባዶውን ቢተወው፣ እዚህ ላይ ማን ነበር ይባላል። ወዲህ ገደል፣ ወዲያም ገደል። ፈንታው ሱቁን ዘጋና ጓዳ ገብቶ፣ በዘይነባ ድምፅ ላይ የራሱን ቀዳበት። ያን የሚጠላውን የኪነቱን ቃል እየለቃቀመ፣ የሳቸው ግጥም እስኪያልቅ ድረስ አብዮቱን አወደሰ። ፈራም፣ አፈረም።

ኮሚቴው የመረጠው ያንን ነው። አዘጋጁ ራሱ እንዴት ይሸለማል ያለ የለም። በበዓሉ ፈንታው የገዛ ሬዲዮውን ከጓድ ደሳለኝ እጅ ተቀበለ፣ ሕዝቡም አጨበጨበለት። እንዲህ ያለ ተሰጥዖ ተደብቆ መቅረት የለበትም ተባለና የኪነቱ ገጣሚ ተደረገ። እንቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ ካኪ ለብሶ መድረክ ላይ ይቆማል፤ እማማ ወርቅነሽ መንገድ ላይ ሲያገኙት አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

አማንም አልተረፈም። አንድ ክረምት ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ ተያዘና ወደ ግንባር ተወሰደ፤ ብዙም ሳይቆይ መርዶው መጣ። ዘይነባ በተዝያው፣ በልጃቸው ለቅሶ ላይ አንድም ስንኝ ሳይወጣቸው ቀረ። ተዝያው ሲያበቃ በቀጥታ ወደ ፈንታው ሱቅ መጡ።

«ያን አሰማኝ፣ ልጄ። በሕይወት ሳለ ገጠምሁለት፤ አሁን ሲሞት ቃሉ ነጠፈብኝ።»

ፈንታው በላዩ እንደቀዳበት ሊነግራቸው አልደፈረም። ኮሚቴው የመለሰለትን ካሴት አውጥቶ ከፈተላቸው። የገዛ ድምፁ አብዮቱን እያወደሰ ወጣ። ዘይነባ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«የኔ ከዚህ ቀጥሎ ነው?» አሉ።