የታጠፈው ጉልበቴ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከዶዮገና በላይ ባለው ቤታችን ውስጥ ታስሬ ከረምኩ። ያሰረኝ ጉልበቴ ነው። የፈላ የጎመን ድስት ተገልብጦብኝ ቋንጃዬ ተቃጠለ፤ ቁስሉ እየደረቀ ሲመጣ ቆዳው ተኮማተረና እግሬን አጠፈው። ወጌሻው አገላብጦ አይቶ፣ «በየማታው ካልተዘረጋ እንደታጠፈ ይቀራል» ብሎን ሄደ።

ያኔ ለዚህ የሚጨክን አንጀት የነበራት የአባቴ እህት አክስቴ አበበች ብቻ ነበረች። ሲመሽ፣ ከብቶቹ ገብተው፣ እንጨቱ ነዶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ በጨርቅ ታሞቀኝና ቅቤ ቀብታኝ ጉልበቴን ወደ ታች ትጫነዋለች፤ እየተጫነችም ተረት ትነግረኛለች። ቆጮ ሊሰርቅ ገብቶ ቆጮው የተቀበረበት ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ጅብ ተረት ነበር። እግሬን ካጠፍኩ ተረቱ ይቋረጣል። ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ዝናቡ የሣር ክዳኑን እየደበደበው፣ ጅቡ ጉድጓዱ ውስጥ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ፣ ሁለታችንም መውጫ አጥተን እናመሻለን። ጅቡ ወጥቶ እሷን በበላልኝ ብዬ የተመኘሁበት ማታ ብዙ ነው።

እግሬ ግን አልቃና አለ። ማታ የተዘረጋው ጠዋት ታጥፎ ይገኛል። አክስቴ ግራ ገባትና አንድ ቀን በማለዳ መጥታ ጋቢዬን ገለጠችው። ከጉልበቴ ስር የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው መደገፊያው ይኸው ቅጠል ነውና፣ እናቴ እንቅልፍ ሲወስደኝ እየጠበቀች ታስገባልኝ ኖሯል።

«እኔ የዘረጋሁትን አንቺ ታጥፊዋለሽ? ልጅቱን ሽባ ልታደርጊያት ነው?» አለቻት።

«እትዬ፣ ስታቃስት እየሰማሁ እንዴት ልተኛ?» አለች እናቴ።

የዚያን ዕለት ማታ አክስቴ እናቴን እግሬ ስር አስቀመጠቻት። «እኔ ተረቱን እነግራታለሁ፤ አንቺ ትጫኛለሽ። በኃይል እንዳትገፊው! ተጭነሽ፣ ትንፋሿ እስኪረጋ ይዘሽ ጠብቂ።»

እናቴ ጉልበቴን ይዛ ተጫነችው። «እማዬ፣ ልቀቂኝ!» ብዬ ጮህኩ። አለቀቀችኝም፤ እንባዋ ቅልጥሜ ላይ ይንጠባጠባል። እስከዚያ ማታ ድረስ መሸሸጊያዬ እሷ ነበረች፤ እሷም ስትጫነኝ የምገባበት አጣሁ። ያኔ የከዳችኝ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በየማታው የምትጫነኝ እሷ ሆነች። ለመስቀል እያነከስኩም ቢሆን በእግሬ ደጅ ወጣሁ።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ይገተርብኛል። ከአልጋ ሳልወርድ እግሬን ዘርግቼ እጫነዋለሁ፤ ትንፋሼ እስኪረጋም ይዤ እጠብቃለሁ። ሕመሙ የሚተወኝ እንዲህ ሳደርግ ብቻ ነው። ልጆቼ አጠገቤ ተቀምጠው ይስቁብኛል። እናቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ፣ እግሬን መዘርጋት ስጀምር ካየች፣ ነጠላዋን ሰብስባ ከቤት ትወጣ ነበር።