የማይለቀመው ረድፍ

እኛ በማኬዳ ባሕረ ሰላጤ ውሃው ውስጥ ቀርከሃ ተክለን፣ ቀርከሃው ላይ ተጣብቆ የሚያድገውን ታሆንግ የሚባል ባለዛጎል የባሕር እንስሳ ለቅመን የምንኖር ሰዎች ነን። አረንጓዴው ዛጎል ሞላ ያለ ቀን ድስቱም ይሞላል። ታላቅ እህት ለማለት ማና የምንላት ጎረቤቴ ማና ፔሊንግ ግን ከዳር ያለውን አንድ ረድፍ አትነካውም። እዚያ ያሉት አርጅተው ዛጎላቸው መዳፍ አክሏል።

«ማና፣ ጡረታ ነው እንዴ ያስወጣሻቸው?» እላታለሁ።

«አንተስ ጡረታ ወጥተህ የለ? ሥራህ ወሬ ብቻ» ትለኛለች። «እናቶች ናቸው። እናት አትሸጥም።»

ልቀልድ ብዬ እንጂ ነገሩን አጥቼው አይደለም። ግልገሎቹ ከእናቶቹ ወጥተው ሲንሳፈፉ ይቆዩና ያገኙት ቀርከሃ ላይ ይጣበቃሉ፤ የማን ነው ብለው አይጠይቁም። እሷ ትጠብቃለች፣ መንደሩ ይለቅማል። ከእኛ መሃል የራሱን ረድፍ ሳይለቅም የተወ አንድም ሰው አልነበረም። የልጅ ትምህርት፣ የጀልባ ነዳጅ፣ ምክንያት መች ይጠፋል።

አምና ባሏ ኦኖፍሬ የሐሞት ጠጠር ያዘውና ቶሎ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተባለ። የደረሰው ታሆንግ ቀድሞ ተሸጦ አልቋል። ታሆንግ የሚገዛን ነጋዴ በማግስቱ መጥቶ የእናቶቹን ረድፍ ሊገዛ መሆኑን ስሰማ ቤቷ ሄድኩ። ቢላዋ እየሳለች ነበር።

«ባል ይበልጣል» አለችኝ ቀና ሳትል።

ምን ይባላል? እውነቷን ነው። ወጥቼ ከየረድፋችን ለቅመን እናዋጣላት እያልኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ያልደረሰ ታሆንግ መልቀም በገዛ ኪስ ላይ መፍረድ ነው። ግን ማንም እምቢ አላለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ጠዋት ነጋዴው ሲደርስ ወደቡ በጆንያ ሞልቷል።

«ይሄ እኮ ገና ጥፍር የሚያክል ነው» አለና ዋጋውን ሰበረው። ቢሆንም ብዛቱ ረድቶን ፔሶው ለሕክምናው በቃ።

ማና ፔሊንግ ተቆጣች። «ማን ለምኑልኝ አላችሁ? በምን ልከፍላችሁ ነው?»

«የምን ክፍያ?» አልኳት። «ይሄ ሁሉ ያንቺ እናቶች የወለዱት ነው። እስከ ዛሬ ከእኛ ማን ከፈለሽ?»

ጆንያው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ልታመሰግነን አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«እኛ እናመሰግናለን፣ ማና» አልኩ። ከዚያ በፊት ከመንደሩ ይህን ያላት ሰው አልነበረም።