የአደራ ሳፋ

የኔትወርክ ቴክኒሻን ነኝ። ዳንግላ ያለው የስልክ ማማችን ሰዓቱ እየሳተ ጥሪ ይቆራርጥ ጀመር። የማማዎች ሰዓት በሴኮንድ ሽራፊ እንኳ ከተለያየ ስልክ በወሬ መሃል ይቋረጣል። ከእንጅባራ እየተመላለስኩ ሦስት ቀን ሙሉ ኬብል ፈታሁ፣ ካርድ ቀየርኩ። አለቃዬ በየሰዓቱ ይደውላል፤ ቁጣውም መሃል ላይ ይቋረጣል! በመጨረሻ የመሣሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ስወጣ፣ ከሳተላይት ሰዓት በምትቀበለው ትንሽ አንቴና ላይ የብረት ሳፋ ተደፍቷል፤ ከላዩም ድንጋይ ተጭኖበታል።

«ጋሼ! ይህን ማን ነው የደፋው?» አልኳቸው ጥበቃውን።

«እኔ ነኛ! በረዶ እንዳይመታት ብዬ።»

«ሦስት ቀን ስቃጠል ዝም ብለው ያዩኛል?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ባለፈው ‹አደራ፣ ይህችን እንደ ዓይንዎ ይጠብቁልኝ› ያልከኝ አንተ አይደለህም? ለእሷ ስል እግሬን ከታጠብኩ ሳምንት ሆነኝ!»