ሚስ ዴቪ በቡታን የበሉት

አባቴ በአሰበ ተፈሪ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳለ፣ እኔም ገና ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ሚስ ዴቪ የሚባሉ ህንዳዊት ነበሩ። ያኔ በየአውራጃው ትምህርት ቤት የህንድ አስተማሪዎች ስለነበሩ ህንዳዊነታቸው ለማንም ብርቅ አልነበረም። ብርቁ ወሬያቸው ነበር። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ አማርኛውን ሐረር ሲያስተምሩ ስለለመዱት፣ ወንዱን ከሴቱ እያቀላቀሉም ቢሆን ያሰቡትን ይናገሩበታል።

የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ከሚባሉ ሴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ማድ ቤቱንም ከአከራያቸው ጋር እየተጋሩ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ እኔና ፈጡማ ደብተራችንን ይዘን እንሄዳለን። ፈጡማ አጠገቤ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ ከሂርና ሽንኩርትና ድንች እያመጡ ይሸጣሉ። ንባቡ ሲያበቃ ሚስ ዴቪ ፋኖሱን ዝቅ ያደርጉና የከሰሉን ምድጃ ወደ እግራችን ገፋ አድርገው፣ በልጅነታቸው ስላዩት ቡታን ስለሚባል የተራራ አገር ያወሩልናል። አባታቸው ጨርቅ በበቅሎ ጭነው ወደዚያ የሚወጡ ነጋዴ ነበሩ፤ አንድ ዓመት እሳቸውንም አስከትለው ነበር።

ያን አገር ያየሁት በምግቡ ነው። ቃሪያ እዚያ የወጥ ማጣፈጫ ሳይሆን ራሱ ወጡ ነው ሲሉን አላመንናቸውም። አይቡን አድርቀው በክር ሰክተው ይሰቅሉታል፤ መንገደኛ አንዷን ፍሬ ጉንጩ ውስጥ ከቶ ቀኑን ሙሉ ሲያኝካት ይውላል። ሻይ በቅቤና በጨው ይጠጣሉ ሲሉን እኔ ፊቴን ሳኮማትር ፈጡማ ግን፣ «እናቴም የቡና ቅጠል አፍልታ በጨው ትጠጣ የለ?» ብላ ዝም አሰኘችኝ። እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው ምግብ ሲያቀርቡለት አፉን በእጁ ሸፍኖ እምቢ ይላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲለምኑት ያኔ ይቀበላል።

አንድ ቀን፣ ፆም ባልሆነበት፣ ያንኑ የቃሪያ ወጥ ሠሩልን። ቃሪያውን በቁመቱ ሰንጥቀው፣ በሽንኩርትና በቅቤ አብስለው፣ አይብ ጨመሩበትና በሩዝ ላይ ገለበጡልን። «አይባችሁ እንደዚያኛው አይቀልጥም፤ ሩዙም ቀይ አይደለም» አሉ እያዘኑ። በበርበሬ ያደግን ልጆች ነን ብለን የጎረስነው አንደበታችንን ዘጋው። ፈጡማ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ እጇ ግን ከሳህኑ አልተነሣም።

ያፍንጫችንን ውኃ እየጠረግን ሳለን ፈጡማ፣ «ሚስ፣ እዚያ አገር ሥጋውንስ ማን ነው የሚያርድላቸው? እስላም ነው ክርስቲያን?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለቱም የሉም» አሉ ሚስ ዴቪ። «እኔ በነበርኩበት መንደር አያርዱም። ነፍስ ማጥፋት ለእነሱ ትልቅ ኃጢአት ነው። በሬው ከገደል ሲወድቅ ወይም ብርድ ሲገድለው ሥጋውን ዘልዝለው፣ በነፋስ አድርቀው ይበላሉ።»

ከእሳቱ አንድ ፍም ሲፈነዳ ሁለታችንም ደነገጥን። እኔና ፈጡማ አንዳችን የሌላችንን ቤት ሥጋ ቀምሰን አናውቅም፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ሃይማኖት ነበርን።

«በክት?» አልኩ። «እርስዎም በልተዋል?»

እሳቱን ቆሰቆሱ። አልበላሁም ቢሉን እናምናቸው ነበር።

«በልቻለሁ። በረዶ መንገዱን ዘግቶብን ስንቃችን አለቀ። አባቴ በእጁ አጎረሰኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ወር ሙሉ ማድ ቤቷን አላስረገጠችኝም።»

ቤቴ ድረስ ሮጥኩ። እናቴ የቤቱን በር ስትዘጋ አግኝቻት ያለ ትንፋሽ ነገርኳት። እሷ ደግሞ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ለእትዬ ዘነበች ነገረቻት።

በማግሥቱ እኔና ፈጡማ እንደ ልማዳችን ስንሄድ የግቢው በር ተከፍቷል። የማድ ቤቱ ድስት ሁሉ ደጅ ላይ ተሰባብሯል፤ ቃሪያውን የበላንበት ሳህን ሳይቀር። ሚስ ዴቪ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መጻሕፍታቸው በነጠላ ተቋጥረው እግራቸው ሥር አሉ። እትዬ ዘነበች ከውስጥ፣ «በአንድ ምድጃ ስታበስል ኖራ!» ትላለች ለጎረቤቶቿ። ያደረግሁትን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ዛሬ ንባብ የለም፣ ልጆች» አሉን ሚስ ዴቪ።

ፈጡማ ወደ ቤታቸው ሮጠች። ትንሽ ቆይታ ከአባቷና ከአህያቸው ጋር መጣች። አባቷ ሻንጣውን ጭነው፣ «እኛ ዘንድ ባዶ ክፍል አለ፣ እንሂድ» አሉ። ፈጡማን እጇን ይዤ፣ «አባትሽ ቢያውቁ ኖሮ አይወስዷቸውም ነበር» አልኳት በሹክሹክታ።

«የዚያኑ ዕለት ማታ ነግሬዋለሁ» አለችኝ። «በረሃብ ለተጨነቀ ሰው ኃጢአት የለበትም፣ በቁርአን አለ ብሎ እራቱን መብላት ቀጠለ።»

እራት ላይ እናቴ የሆነውን ለአባቴ ስታወራ፣ አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ገበታው ላይ አስቀመጠ። አባቴ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀንም አላደረገም።

«እናቴ ክፉ ቀንን በምን የተረፈች ይመስልሻል?» አላት።

እናቴ ከገበታው ቀና ብላ አየችው።

«ሰባት ዓመቷ ነበር። ወንድሞቿ ሁሉ አልቀው ነበር። አባቷ መንገድ ዳር ሞታ ካገኛት በቅሎ ቆርጦ አበላት። ይህን ለነፍስ አባቷና ለእኔ ብቻ ነው የነገረችው።»

አያቴን አውቃታለሁ፤ ሕማማትን በውኃና በቆሎ የምትፆም፣ የሰው ቤት ዕቃ ሳታጥብ የማትጠጣ፣ በደብሯ በቅድስናዋ የምትጠራ ሴት ነበረች። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔ የራሴን እጆች አየሁ፤ ያች በቅሎ ባትገኝ ኖሮ እነዚህ እጆች አይኖሩም ነበር።

በማግሥቱ እናቴ ከገበያ አዲስ ድስት ገዝታ እኔን አሸክማ ፈጡማ ቤት ወሰደችኝ። ሚስ ዴቪ በሩ ላይ ደብተር ሲያርሙ አገኘናቸው።

«ይቀበሉኝ» አለቻቸው እናቴ። «ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በድዬዎታለሁ።»

ሚስ ዴቪ ድስቱን ከእጄ ሲቀበሉ ዓይኔን አዩኝ። በዚያች ክፍል የነበርነው ሦስት ሰዎች ብቻ ስለነበርን ማን እንደተናገረ ያውቁ ነበር። ድስቱን አስቀመጡና፣ «ግቡ፣ ሻይ አለ» አሉን።

ሚስ ዴቪ ወደ ድሬዳዋ እስኪዛወሩ ድረስ ሁለት ዓመት እፈጡማ ቤት ኖሩ፤ እኔም ማታ ማታ መሄዴን አልተውኩም። ከዚያ ወዲህ ሰው የማልበላውን መብላቱን ስሰማ፣ ፊቴን ከማኮማተሬ በፊት በምን ቀን እንደበላው እጠይቃለሁ፤ ይህ ልማድ ከዚያ ተርፎልኛል። የቀረብኝ ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት፣ ከምድጃው ማዶና ማዶ ተቀምጠን፣ «እኔ ነኝ የነገርኩት» ለማለት ስንት ምሽት አፌን ከፍቼ፣ ስንቱን ምሽት ስለ ቡታን ሌላ ጥያቄ ጠይቄ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እሳቸውም ሳይሰለቹ መልሰውልኛል።