የአባቷ አነፍናፊ ውሻ

ሴትየዋ የምትተዳደረው ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠራች ነው፤ ጥርሱን መጀመሪያ በሰም ስለምትቀርጽ ሰምና መቅረጫ መርፌ ከእጇ አይጠፉም። አባቷ በውትድርና ዘመናቸው ፈንጂ የምታነፈንፍ ውሻ ነበረቻቸው። አንድም ፎቶ ስላልቀራቸው፣ ልጃቸው ወታደሩን አባቷንና ውሻዋን በአውራ ጣት ቁመት ከሰም ልትቀርጻቸው ተነሣች።

ወታደሩ የጫማው ማሰሪያ ሳይቀር አማረላት። ውሻዋ ግን እምቢ አለቻት። ሦስተኛዋን ውሻ ባሏ አየና፣ «ፍየሏስ ቆንጆ ናት፤ ውሻዋ የታለች?» አላት። ስቃ መልሳ አቀለጠቻት።

በመጨረሻ አባቷን ጠየቀች። «አባዬ፣ ውሻዋ ፈንጂ ስታገኝ ምን ታደርግ ነበር?»

«ቁጭ ትላለች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን ታያለች።»

ለካ እስከዚያ ስትቀርጽ የከረመችው የቆመች ውሻ ነው። በዚያው ሳምንት ቁጭ ያለች፣ አንገቷን ወደ ወታደሩ የመለሰች ውሻ ሠርታ ሁለቱን አባቷ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ። ልጃቸውን በሥራዋ አመስግነዋት አያውቁም ነበር።

«እሷው ናት» አሉ። «ቁርጥ እሷን። እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ወዲያው በመሐረብ ጠቅልለው የድሮ ጓዶቻቸውን ሊያሳዩ ወጡ። ልጃቸውም አንገቷን ቀና አድርጋ ከጎናቸው ሄደች።